አንድ ኬክ ለስድስት

ስምንት መቶ ሼቅል። ከመብራት ሂሳብ ጀርባ ደመርኩት፣
ቀነስኩት፣ ሰረዝኩት፣ አዙሬ ደግሞ ጻፍኩት።
የአዳራሹ ሰውዬ በስልክ ዋጋውን ሲነግረኝ
ቃል አጣሁ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ? ሃሎ?» አለኝ።
እኔም መቋረጡን መረጥኩ።

እንግዳው ዘጠና ነው፣ ያልጠራሁትን ሳልቆጥር፤
ቤቴ ሦስት ክፍል፣ ኪርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ከሠራ ተአምር።
ግን ሌላ ሰው የሌለው አንድ ሀብት አለኝ፦
ስድስት ሽማግሌ፣ በአንድ ቀን የተወለዱልኝ።

አባቴ፣ ወንድሙ ጓንጉል፣ አክስቴ ፈንታነሽ፣
ባሏ አባ ውባንተ፣ እማማ ዝማም፣ እትዬ ይታይሽ፣
ሁሉም፣ መታወቂያቸው እንደሚለው፣ በፈረንጅ ጥር አንድ፤
አንዲት አዋላጅ ስድስቱንም የተቀበለች ይመስል፣ በአንድ ክንድ።

አዋላጇስ? አንድ ጸሐፊ ነው፤ ሳይተኛ ያደረ፣ ዓይኑ የቀላ፤
ፊቱ ተሰልፈን፣ እኔ በአባቴ ጋቢ ሥር፣ ከኋላችን ሌላ መቶ፣ ሌላ።
«የተወለድክበት ቀን?» አለ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ፦
«ማሽላው ተቆርጦ፣ ቀይዋ ላም በወለደች በሦስተኛው…» አስተርጓሚው አሳጠረ።
ጸሐፊው አንድ ነጥብ አንድ ብሎ ጻፈ።
«የሚቀጥለው!»

ሠላሳ ዓመት ያንገበገበን ያ ነጥብ
ዘንድሮ ጠቀመኝ፤ ወደቀልኝ በሒሳብ፦
ስድስት ድግስ በአንድ ድግስ፣ ስድስት ኬክ በአንድ ኬክ።
ድሃ የሰጡትን ብቻ አይደለም፣
የወሰዱበትንም ያብቃቃል።

ዓርብ ገበያው ሊዘጋ ሲል ደረስኩ፣ ቲማቲም በሚያጎነብስበት ሰዓት፤
ሁለት ሣጥን በሃያ ሼቅል፤ የተጨፈለቀውን ይሸፍነዋል እሳት።
ምስር አሥር ኪሎ፤ የዶሮ ክንፍ፣ ሥጋ ነው ብለን የተስማማን፤
ድስቱ የሶልጣና፣ የታች ፎቋ፤ «ካልጠራችሁኝ አልሰጥም» አለች፤ ቃል ተገባባን።
ወንበሩ ማዘጋጃ ቤት ለለቅሶ የሚያውሰው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤
ከአባ ታገል ቤት፣ ሰባቱ እንዳለቀ፣ በቀጥታ ወደ እኔ አመጣነው።
አንዱ ላይ የተረሳ መሐረብ ነበር። አጥቤ ለልጁ መለስኩት።
ጠረጴዛ የለም፤ በሮቹን ከማጠፊያቸው ነቅለን ባልዲ ላይ ጣልን፤
የመጸዳጃውን ብቻ አልነካንም፤ ድሃም ብንሆን እናፍራለን።

መጡ፤ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ፣ በየፎቁ እየቆሙ እየተማረሩ፤
ቦታ ያጡት ልጆች ሳህናቸውን ይዘው መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሰፈሩ።
ወጡ ቀጠነ፤ አንድ ማሰሮ ውኃ ጨመርኩ፣ ማንም አላየኝም።
እትዬ ይታይሽ አየችኝ። ጨው አቀበለችኝ።

ሻማው ሲበራ ተጣሉ። «ታላቃችሁ እኔ ነኝ፣ እኔ ልቁረስ» አለ አባቴ።
«አንተ? ያቺ ላም ስትወልድ ጥጃውን ያሰርኩት እኔ ነኝ!» አለች አክስቴ።
ጓንጉል አንበጣውን ጠራ ምስክር፤ አባ ውባንተ ቀትር ላይ የጨለመውን ፀሐይ፤
እማማ ዝማም «የእኔን የሚያውቁት» አለች፣ «መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ሱዳን ስንደርስ ሳናይ።»
ቤቱ ጸጥ አለ። ሰሙ ክሬሙ ላይ ይንጠባጠባል።
ያኔ ሶልጣና፣ አንድ ቃል ያልገባት፣ ኬኩ አሳዝኗት፣
እፍ አለችው።

ሳቁ ሲያልቅ ተተረጎመላት። ሽሮ መሐረቧን ፈትታ አሰረች፦
«እኔንም በመርከብ ስመጣ ጻፉኝ» አለች፣
«እናቴ ግን የወይራ ለቀማ ነበር ትል ነበር፤ የትኛው ዓመት፣ አልነገረችኝም።»
ከአባቴ ጎን አስቀመጥናት። ቢላዋውን ሰጣት።

ከሌሊቱ ስድስት። በሮቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ አንዱ አልዘጋ ብሏል።
ከብሩ አሥራ አንድ ሼቅል ቀርቷል፣ ከኬኩ አንድ ቁራጭ ተርፏል።
ሳህን ደፋሁበት፤ ለዚያ ጸሐፊ።
ይኑር ይሙት አላውቅም፤ ቢመጣ ነጭ ወንበር አለ፣
ይብላ፣ ይጠጣ፤
ግን አስቀድሞ ብዕሩን ያስቀምጥና
የላሟን ነገር እስከ መጨረሻው ይስማ።